ወፍ ያልተናገረበት አውጫጭኝ

ይዳኝበት የነበረው ምክትል ወረዳ ከተሻረ አሥር ዓመት ቢያልፈውም፣ በሱዳን ገዳሪፍ የስደተኞች ሰፈር የአገሩ ሰዎች አስናቀውን ዛሬም «ዳኛ» ይሉት ነበር። ለሕሙማን የተቀመጠ ግማሽ ጆንያ ማሽላ ቢሰረቅ እንደ አገራቸው ወግ ለአውጫጭኝ ሰበሰባቸው። ሌባው እስኪታወቅ ማንም ንቅንቅ አይልም።

ከረፋድ ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉም በየተራው ማለ፤ «ወፍ» የሚባለው፣ በስውር ሹክ ብሎ ሌባውን የሚጠቁም ግን ጠፋ። ከወዲያ የእርዳታ እህል የጫነው ሎሪ ማደል ጀምሯል።

«ዳኛ፣ ይልቀቁን እንጂ፤ እህሉ ሊያልቅብን ነው» አለች አንዲት እመጫት።

«ወፊቱ ሳትናገር?»

«ወፎቹንማ መንገድ ላይ በላናቸው!» አለ አየነው የሚባል ጎልማሳ ከኋላ። የሳቀ የለም።

አስናቀው ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ። ሁሉም ዓይናቸውን ከምራቱ ከሸጊቱ ያሸሻሉ። እሷ የታመመ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ መሬት መሬት ታያለች። ያን ጊዜ ገባው። ማን እንደወሰደው ሁሉም ያውቃሉ፤ ዝም ያሉት እሱን አፍረው ነው።

ከዘራውን ተደግፎ ተነሣ።

«ወፊቱ ነግራኛለች» አለ። «የወሰድሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ አየነው ጣሳውን አንሥቶ ብድግ አለ፤ ሌሎቹም ተከትለውት ወደ ሎሪው ሮጡ። ሸጊቱ ብቻ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ ተሰለፊ!»

«እርስዎስ አባባ?»

አስናቀው ተከሳሽ ከሚቀመጥበት፣ ከባዶው መሬት ላይ፣ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«የተሰረቀው እስኪተካ የኔ ድርሻ ለሕሙማኑ ይሁን» አላት። «ፍርዱ ይኸው ነው።»