የሙርሳል ጣሪያና የበረዶው ጠባቂ

ለሸዋው ንጉሥ የወርቅ ግብር መሄድ በጀመረበት ሰሞን፣ ከአሶሳ ወደ መንጌ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች መንደር ባቢከር የሚባል የበረዶ ጠባቂ ይኖር ነበር። ሥራው ቀላል ይመስላል። ደመና ሲጠቁር ቀንድ እየነፋ መንደሩን ይዞራል፣ ዱዓ ያደርጋል፣ በረዶውን ወደ ሌላ ሰው አገር ይመልሳል። የዚያኛው አገር ሰው ምን ይበል ብሎ የተጨነቀ ግን የለም።

ውሉም ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ቤት በመኸር አንድ ቁና ማሽላ ይሰጠዋል። በረዶ አምልጦት የሰው ጎጆ ካፈረሰ፣ ባቢከር ቀርከሃ ቆርጦ፣ ሣር አምጥቶ በገዛ እጁ ይጠግናል። ያልሰጠ ሰው ግን ራሱ ይወጣዋል።

የባቢከር ጥፋት ሥራውን ማወቁ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ቤት በበረዶ አልተመታም። ሰው ደግሞ ሰው ነውና፣ በረዶ ከሌለ ጠባቂ ለምን እንቀልባለን ማለት ተጀመረ። ይህን ቀድሞ የተናገረው ሙርሳል የሚባል ጎረቤት ነበር፤ ያን ዓመት ማሽላውን ከለከለ።

ሙርሳል ክፉ ሰው አይደለም፤ ቋጣሪና ትንሽ ሰነፍ ነው እንጂ። የጎጆው ሣር ከበሰበሰ ሦስት ክረምት አልፎታል። ሚስቱ ዓዲላ በየክረምቱ ጣሪያውን አድስ እያለች ትለምነዋለች፤ እሱ ከዝናቡ በኋላ ይላታል። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ የሚያፈስ ነገር ስለሌለ ይረሳዋል። ዘንድሮ ጠብታው የስምንት ወር ልጃቸው ላይ እየወረደ ሳል ጀመራት። ዓዲላ ስትለምን፣ ስታለቅስ ከረመች፤ ከዚያ ልመናውን ተወችው።

በሐምሌ አንድ ጁምዓ፣ ወንዶቹ ሁሉ መስጊድ እንዳሉ ሰማዩ ጠቆረ። ባቢከር እንደ ደንቡ ከሶላቱ ቀርቶ ቀንዱን እየነፋ ወጣ። በረዶ ጣለ፤ የማሽላ ፍሬ የምታክል፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ። ሰዎቹ ከመስጊድ ሲወጡ ሣሩ ላይ ቀልጣ አልቃለች።

ሙርሳል ቤቱ ሲደርስ ግን ጣሪያው ላይ በሬ የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፍቶ አገኘ።

ደግነቱ ዓዲላ ልጅቷን ከጠዋት ጀምሮ ጎረቤቷ ዐፊፋ ዘንድ አስተኝታት ነበር። የዱቄቱንም እንስራ ጉንዳን ገባ ብላ ወደ ጥግ አዙራዋለች። ጉዳት የደረሰበት ጣሪያው ብቻ ነው።

ሙርሳል ግራ ቀኙን አየ። የጎረቤቶቹ ጎጆ ደኅና ነው። የጓሮው ባሚያ፣ ከንከሴው፣ አንድ ቅጠሉ እንኳ አልተበሳም። የጣሪያው ሣር ደጅ ላይ ተበትኗል። ሰው ከውጭ ጎትቶ ጥሎታል ብሎ ጮኸ። ማን? ሙርሳል በጣቱ ቆጠረ፤ ያን ሰዓት መስጊድ ያልነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ከዐስር ሶላት በኋላ መንደሩ ሽማግሌው ሼህ ረጀብ ደጅ ተሰበሰበ። ሙርሳል ነገሩን ዘረዘረው፤ ማሽላ ብከለክለው ሊያስፈራራኝ ጣሪያዬን አፈረሰ አለ። የባቢከር ዱካ ጎጆውን ዞሮታል። ፀጉሩ ላይም የሣር ስባሪ ተገኝቷል። ባቢከር በረዶው ሲበረታብኝ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ተጠልዬ ነበር አለ፤ ማንም አላመነውም።

ጥፋቱ ከተረጋገጠ ከመንደሩ ይወጣል። ሚስቱን ኢቲዳልንና አራት ልጆቹን ይዞ መንጌ ወንዝ ዳር ወርቅ ሲያጥብ መክረሙ ነው። ባቢከር ፈራ።

ከሴቶቹ መካከል ዓዲላ ተነሣች።

«ሼህ፣ ባቢከር አላደረገውም።»

«በምን አወቅሽ?»

«አላደረገውም። ወላሂ እኔ አውቃለሁ።»

ሙርሳል ቁጭ በይ አላት። ዓዲላ ሆደ ቡቡ መሆኗን አገር ያውቃል፤ ለሌባም ታለቅሳለች።

ሼህ ረጀብ ቁርኣን አስመጡ። ባቢከር ውዱእ አድርጎ እጁን መጽሐፉ ላይ አሳረፈ።

«የሙርሳልን ጣሪያ አልነካሁም። የነካውም ሰው ካለ አላየሁም።»

በዚያ መንደር በመጽሐፉ ቀልዶ የኖረ ሰው የለም። ሼሁ ፈረዱ፤ መስጊድ ያልነበረው ወንድ አልነካሁም ካለ፣ የነካው በረዶ ነው። ማሽላ ያልሰጠ ደግሞ ራሱ ይጠግናል።

የሙርሳል ፊት አመድ መሰለ። ዕድሜውን ሙሉ ሣር ከድኖ አያውቅም። ባቢከር ግን ከመትረፉ ደስታ የተነሣ ቂም መያዝ ረሳ፤ ቁናህን አምጣና አብረን እንሠራዋለን አለው። ሙርሳል እየሮጠ ሄዶ ሁለት ቁና አመጣ። ይህን ያዩ ሌሎች ቋጣሪዎችም ማታውኑ ባቢከር ደጅ ተሰለፉ።

ሦስት ቀን ሠሩ። ሙርሳል እጁ ውኃ ቋጠረ፣ ወገቡ ተቆረጠ፣ ቢሆንም ከጣሪያው አልወረደም። በአራተኛው ቀን ዶፍ ወረደ፤ አንዲት ጠብታ አልገባችም። ልጅቷ ሳትስል አደረች። ሙርሳል ደግሞ ገበያ ለገበያ እየዞረ የዚያን ቀን በረዶ ያወራል፤ በረዶው በየወሬው እያደገ ቡጢ አክሏል።

በሳምንቱ ዐፊፋ አዲሱን ጣሪያ ልታይ መጣች። የእሷም ጎጆ ያፈሳል፤ ባሏ ዐወድም ከዝናቡ በኋላ ይላታል። አንጋጣ ብዙ ቆየችና ታድለሽ፣ እኔስ ምን ይሻለኛል ብላ ተከዘች። ዓዲላ ደጁን አየት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ጁምዓ ቀን ደመናው እስኪጠቁር ጠብቂ፤ ከዚያ አልጋው ላይ ወጥተሽ በዘነዘና ከውስጥ ግፊው፤ ከመስጊድ ሳይመለሱ ያልቅልሻል።»