ለእማዬ የተማሰለ ሻይ

ሦስተኛውን ማንኪያ ስኳር ስትጨምር ወንድሜ ከወንበሩ ብድግ ይላል።

«ኧረ እማዬ በዛ! ሻይ ነው ወይስ ሽሮፕ?»

«ዝም በል አንተ! የዛሬው የብቻው ነው» ትላለች፣ አራተኛውን እየዛቀች። ፊቷ ላይ ከጓዳ የሆነ ነገር ቀምሳ የወጣች ልጅ ሳቅ አለ።

ማንኪያ ከብርጭቆዋ ጋር ሲጋጭ በዚህ ቤት ከተሰማ ቆይቷል። ለሁለተኛ ዲግሪ ሻንጣዬን ይዤ የወጣሁ ዕለት እማዬ ተሳለች፤ «ልጄ ትምህርቷን እስክትጨርስ ስኳር በአፌ አይዞርም» አለች። ይህን ያለችው ጎረቤት ቤት ሻይ ስትጋበዝ የስኳሩ ዕቃ ከፊቷ የሚሸሽባት ሴት ናት። ስለት አይወራም ብላ ምክንያቱን ከእኔና ከወንድሜ በቀር ለማንም ስላልተናገረች፣ ሠርግ ላይ ኬክ ስትመልስ ያዩዋት ሁሉ ስኳር በሽታ ያዛት ብለው ደመደሙ። እየመጡ ጠየቋት። አንዷማ ስለ እግር ቁስል መክራት አልቅሳ ሄደች።

እኔ ያን ጊዜ «ሸማቾች ደስታቸውን ለነገ የሚያቆዩባቸው ምክንያቶች» በሚል ርዕስ መመረቂያ ጽሑፌን እየጻፍኩ ነበር። ስንቱን መንገደኛ አስቁሜ መጠይቅ ሳስሞላ እናቴን ግን አልጠየቅኋትም።

ትናንት ቤት ገባሁ። የስልኬን ማንቂያ ሳልሞላ ተኛሁ። ጠዋት ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ እግሬን ስታሞቀኝ፣ የትኛው ምዕራፍ ይቀረኝ ነበር ብዬ ደንግጬ፣ ምንም እንደማይቀረኝ ሲገባኝ ተመልሼ ተሸፋፈንኩ። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ረስቼው ነበር።

«ምሁሯ» ይለኛል ወንድሜ፣ ለዚህች ሻይ ብሎ ከጋራዥ መጥቶ የእጁን ግራሶ በጨርቅ እየጠራረገ። «በይ እንግዲህ ሌላ ዲግሪ እንዳትጀምሪብን። የሚቀጥለው ጨው ነው። ከዚያ ባል ስትፈልጊ ደግሞ ውሃ ትተውና አንደኛችንን እንቀብራታለን።»

«አፈር ብላ!» ትለዋለች እማዬ፣ እየሳቀች። እኔም እስቃለሁ።

ረፋድ ላይ፣ እሷ ዕቃ ስታጥብ፣ አማካሪዬ ደውለው ነበር። የዶክትሬት ቦታ ተገኝቷል፤ መልሱ አሁኑኑ ይፈለጋል። «እሺ» አልኩ። አላሰብኩም፤ አልጸለይኩም። ደስ አለኝ፤ ስልኩን ዘግቼ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ብቻዬን ዘለልኩ። ስወጣ ጠረጴዛው ላይ ለዛሬ ብላ የገዛችውን አዲሱን የስኳር ዕቃ አየሁት።

አሁን ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ዓይኗን ጨፍናለች።

«ጌታዬ፣ አላሳፈርከኝም። ልጄን አስጨርሰህ አመጣህልኝ።»

አማትባ ዓይኗን ገለጥ ታደርግና ታየኛለች። «አለቀ አይደል የኔ ልጅ? ሙሉ በሙሉ?»

«አዎ» ብል ማን ይከሰኛል? ተመርቄያለሁ፤ ፎቶዬ ከነጋወኑ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ደግሞም እግዚአብሔር የሰው ማንኪያ ይቆጥራል ብዬ አላምንም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ እሑድን ከማክሰኞ መለየት ትቻለሁ። እማዬ ግን ታምናለች። ይኸው ለእሱ የሰጠችውን ቃል፣ ሳታውቅ፣ እየሳቀች ልታፈርሰው ነው። የማፈርሰው እኔ ነኝ፤ የምትጠጣው እሷ ናት።

ብርጭቆው ከንፈሯ ጋ ይደርሳል።

«እማዬ።»

እጇ ባለበት ይቆማል።

«ሌላ አለ?»

«አለ። ዶክትሬት። ጠዋት እሺ ብያለሁ።»

«ስንት ዓመት?»

«አራት።»

«እኔ እኮ ለቀልድ ነው ያልኩት» ይላል ወንድሜ፣ ለራሱ ያህል።

እማዬ ብርጭቆውን ታስቀምጣለች። «እሰይ» ትላለች። «እሰይ ልጄ። ተመስገን።» እሰይ እንዲህ ደክሞት ሰምቼው አላውቅም።

«ጠጪው እማዬ፣ በሞቴ! ያንቺ ሻይ መምረር ለእግዚአብሔር ምን ያደርግለታል?»

«ለእሱ ነው ማን አለሽ? ለእኔ ነው እንጂ። ሲመረኝ አንቺ ትዝ ትይኛለሽ፤ ያኔ ስምሽን ጠርቼ እለምናለሁ። ከጣፈጠኝማ ፉት ብዬ ወደ ሥራዬ ነው።» የስኳሩን ዕቃ ክዳን አጥብቃ ትዘጋለች። «አንቺ መቼም እዚያ ስትሄጂ እንደማትጸልዪ አውቃለሁ። አንዳችን እንኳ እንጸልይ።»

ወንድሜ ጨርቁን አጣጥፎ፣ ዘርግቶ፣ እንደገና ያጣጥፋል።

እማዬ ሌላ ብርጭቆ አንስታ ለራሷ ያለ ስኳር ትቀዳለች። አራት ማንኪያ የገባበትን ወደ እኔ ትገፋዋለች።

«ይሄ አይደፋም። ጠጪ።»

እጠጣለሁ። ጥርስ ያማል። ከስሩ ያልሟሟው ስኳር ምላሴ ላይ ይንኮሻኮሻል። እማዬ መራራውን በእጇ እንደያዘች ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ዘንበል ትላለች፤ ዓይኗ ከንፈሬ ላይ ነው።

«እንዴት ነው?» ትላለች። «እስቲ ንገሪኝ።»