ሰው ያለበት ቤት

«እዚያ ጋ አትቁሚ» አለችኝ ሆዶ፣ ክንዴን ይዛ ወደ ግድግዳው እየሳበችኝ። ወዲያው ከጣሪያው የዝናብ ውሃ ጠብ አለ፤ ቅድም የቆምኩበት ቦታ ላይ።

ቤቱን ከገዛሁ ገና ሦስት ቀኔ ነው። ይሁን የሚባለው ደላላ «ተከራይዋ በወሩ መጨረሻ ልትወጣ ተስማምታለች፤ ቤቱም እንከን የለውም» ብሎ ምሎልኝ ነበር። ተከራይዋ ሆዶ ግን መሸጡን የሰማችው ዛሬ ከእኔው አፍ ነው፤ ያውም ዝናቡ በር ላይ ደርሶብኝ፣ ሰላምታችንን በቅጡ ሳንጨርስ። እንደሰማችም ሳፋና ድስት ማምጣት ጀመረች።

«ወላል፣ እህቴ፣ ሁሉንም ላሳይሽ» አለች። «ኋላ ሆዶ ናት ያበላሸችው እንዳትዪኝ።»

አሳየችኝ። የማይዘጋውን በር፣ ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀውን ግድግዳ፣ ውሃ የማይዘውን የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ቢርካ፣ ከጎረቤት ጋር ገና ያልተፈታውን የአጥር ክርክር። እንኳን ዘንቦባት እንዲያውም ጤዛ የሆነች ቤት ገዝቻለሁ። የሚገርመው፣ አልከፋኝም። ጅግጅጋ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ስከራይ ዘጠኝ ቤት ቀይሬያለሁ፤ ያሁኑንም ቅዳሜ እንድለቅ ተነግሮኛል። የተሰነጠቀውን ግድግዳ በመዳፌ ዳበስኩት። የኔ ነው። ደስ አለኝ፣ ምን ልበል!

ሆዶ ቀና ብላ ሳታይ ሳፋዎቹን በየጠብታቸው ሥር አስቀመጠች። ስምንት ዓመት ኖራበታለች። ከድንበሯ ከተማ ከቶጎጫሌ እያመጣች የምትቸረችረው የዱቄት ወተትና ፓስታ በትንሿ ክፍል እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ይህን ሁሉ ተሸክማ የት ትሂድ? እኔስ ቅዳሜ የት ልግባ?

ሳፋው አለቀ። ሆዶ ወገቧን ይዛ አየችኝ።

«እንግዲህ አከራዬ አንቺ ነሽ፣ አስካለ» አለች። «ጣሪያው ያፈሳል።»

«እናያለን» አልኩ።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ዘጠኙም አከራዮቼ የመለሱልኝ መልስ ነው፤ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ፊት። አፈርኩ። ቀጥሎ ሳቄ መጣ። ሆዶ ግራ ገብቷት ታየኛለች።

«ትንሿ ክፍል ታፈሳለች?» አልኳት።

«እሷ እንኳ አታፈስም። ለዚህ አይደል ዕቃዬን እዚያ ያስገባሁት።»

«አንድ አልጋ ታስገባለች?»

«የማን አልጋ?»

«የኔ። አንቺ ባለሽበት ነሽ። ለጣሪያው ሰኞ አናጢ እናስገባለታለን።»

ካርቶኖቹን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ትንሿ ክፍል ገባች፤ ከላይ ያለውን ካርቶን አውርዳ እጄ ላይ ጣለችው።

«ትልቁ ክፍል፣ ከመስኮቱ በስተግራ አስቀምጪው፤ እዚያ ጋ አያፈስም» አለችኝ። «ቀስ በይ፣ መሬት ላይ አትወርውሪው።»

እንዳለችኝ አደረግኩ።