ጎኑን የሰጠው ፊት

ገብረመስቀል የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ትቶ ለነቀምት ቀበሌ የሣለውን የመጀመሪያ ሸራ ጨርሶ ብሩሹን አስቀመጠ። ዕድሜውን ሙሉ ጻድቅን ፊት ለፊት፣ ከነሁለት ዓይኑ ነበር የሚሥለው፤ ጎኑን አዙሮ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ይሁዳ ብቻ ነው። ለአብዮት በዓል ቅዳ ተብሎ በተሰጠው ፎቶግራፍ ላይ ግን ሦስቱም የአብዮቱ አባቶች የተባሉት ጢማም ፈረንጆች ጎናቸውን ሰጥተዋል። እንዳሉ ቢቀዳቸው ስድብ፣ ቢያዞራቸው አመፅ መስሎት ሲዋልል ሰንብቶ፣ ግራ እንደገባው እንዳሉ ቀዳቸው።

የቀበሌው ሊቀመንበር መጥቶ ሸራው ፊት ቆመ። ገብረመስቀል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

"ገለቶሚ፣ ጓድ ገብረመስቀል" አለ ሊቀመንበሩ በኦሮምኛ አመስግኖ። "አሁን ደግሞ እኔን ልክ እንደነሱ አድርገህ ሣለኝ።"

ወንበር ስቦ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ጎኑን ሰጥቶት ተቀመጠ። ከሁለት ዓይኖቹ አንዷ ብቻ ታየች።