ሰባ ሰከንድ

ባለ ሰዓቱ ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ዱብ ሲል ንፋስ እግሯን ከስፌት መኪናዋ ፔዳል ላይ ታነሳለች።

"እኔን እርሺኝ፤ እንደ ሁልጊዜሽ ስፊ" ይላታል ፈገግ ብሎ። ቀልደኛ! አንገቱ ላይ ሰዓት አንጠልጥሎ እርሺኝ ይላል።

ንፋስ የሚሏት ለእጇ ፍጥነት ነው። እናቷ ያወጡላትን ስም የምታስታውሰው ደሞዝ ስትፈርም ብቻ ነው፤ ደሞዙም ቢሆን ስሟን በቅጡ ሳትለምደው ያልቃል።

ዛሬ ግን ንፋስ መሆን የለባትም። ትናንት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ኮሌታ ሰፊዎቹ ሁሉ ተማምለዋል፦ አንድ የሸሚዝ ኮሌታ በሰባ ሰከንድ፣ ከዚያ መፍጠን የለም። ባለ ሰዓቱ የሚጽፈው ቁጥር የሁሉም ኮታ ሆኖ ሰሌዳው ላይ ይወጣል። እስካሁን በቀን አራት መቶ ነው። ሦስት ቀን በተከታታይ የጎደለበት ሰው በአራተኛው ቀን መታወቂያውን በር ላይ አስረክቦ ወደ ቤቱ ነው።

"ክር ተበጠሰ ብለሽ ፈልጊ" ብለዋታል እትዬ፣ ከጎኗ ባለው መኪና የሚሰፉት። "አስነጥሺ፣ መርፌውን ጎንበስ ብለሽ እዪው፣ ብቻ የሆነ ነገር ሁኚ። የአንቺ እጅ ከሮጠ የምወድቀው እኔ ነኝ፣ ልጄ።"

የእትዬ ዓይን ደክሟል። አራት መቶዋን የሚያደርሷት ምሳቸውን ቆመው እየጎረሱ ነው። ንፋስ ኮሌታ መስፋት የተማረችው ከእሳቸው ነው፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ "በላሽ ወይ?" ብሎ የሚጠይቃት ሌላ ሰው የለም።

እናም ትሰፋለች። አንዱን ጎን ትጨርሳለች፣ ታቆማለች፣ በሆዷ እስከ ሰባት ትቆጥራለች፣ ታዞራለች። ክሩን ሆን ብላ ትበጥሳለች። "ውይ፣ ይሄ ክር ደግሞ!" ስትል ድምጿ ለራሷም አይጥማትም። ለእሷ ቀስ ማለት መጣሁ ያለ ማስነጠስን እንደ ማፈን ነው። ባለ ሰዓቱ አሥር ኮሌታ ይለካል፣ ይጽፋል፣ ይደምራል።

"ሰባ አንድ። በቃ፣ ጨርሻለሁ።"

ይነሳና ጀርባውን ሰጥቷት ከሱፐርቫይዘሩ ጋር ወሬ ይጀምራል፤ ስለ ቤት ኪራይ መወደድ።

እፎይ! ንፋስ እትዬን ጠቀስ ታደርጋቸዋለች። እትዬ ሳቃቸውን በመዳፋቸው ይይዛሉ።

ቀጥላ ያልተሰፋውን ክምር ታያለች። ጠዋት መብራት ጠፍቶ ግማሽ ሰዓት ቆመው ነበር። ኮታ ግን ከመብራት ጋር አይጠፋም፤ ሃያ አምስት ኮሌታ ወደ ኋላ ቀርታለች። ዛሬ ከጎደለባት የወሩ ጉርሻ ቀረ ማለት ነው፣ ያለ ጉርሻው ደግሞ ኪራዩ አይሞላም።

እጇ ይፈታል። አንድ ጎን፣ ዞር፣ ሌላው ጎን፣ ጫፉ፣ ቁርጥ። እውነት ለመናገር ደስ ይላታል። በዚህ ግቢ ውስጥ የኔ የምትለው ይህንኑ እጇን ብቻ ነው። አምስተኛውን ስትቆርጥ እትዬ በክርናቸው ጎሰም ያደርጓታል። ቀና ትላለች።

ባለ ሰዓቱ አሁንም ጀርባውን እንደሰጠ ነው። አውራ ጣቱ ግን ሰዓቱ ላይ ነው። መኪናዋ ሲነሳና ሲቆም በጆሮው እየሰማ ሲቆጥር ኖሯል።

"አርባ ስድስት" ይላል ዞር ብሎ። "እጅሽ ይባረክ! ይሄን ነው የምትደብቂኝ?"

"ኧረ ወንድሜ፣ የጠዋቱን ላካክስ ብዬ እኮ ነው! ቀኑን ሙሉ እንዲህ ማን ይችላል?"

"አንቺ" ይላታል፣ ሳይቆጣ። "ምን ላድርግ እህቴ፣ እኔም ከላይ ቁጥር አምጣ እባላለሁ።"

ሱፐርቫይዘሩ ሰሌዳው ላይ ያለውን አራት መቶ በእጁ ጠርጎ አምስት መቶ ሃምሳ ይጽፋል። "ከዛሬ ጀምሮ! ይቻላል፣ በዓይናችን አይተናል!"

"አፍ ዳገት አይፈራም" ትላለች አንዷ ከኋላ። ሌላዋ ጮክ ብላ "እሰይ ንፋስ፣ ደግ አደረግሽ!" ትላለች። መኪኖቹ አንድ በአንድ መጮህ ይጀምራሉ። ንፋስ ፊቷ ይግላል፤ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጣት ትወዳለች።

እጇን ዘርግታ ከእትዬ ክምር አሥር ኮሌታ ብድግ ታደርጋለች። እትዬ አንጓዋን ይይዟታል።

"ተይ።"

"እኔ እሰፋልዎታለሁ፣ እትዬ። የጎደለዎትን በየቀኑ እሞላለሁ። መቶ ሃምሳ ለኔ ምን አላት? ማንም አያይም።"

"ምንም የላትማ። እሱን እኮ ነው የምልሽ።" ድምፃቸው ከመኪናው ጩኸት በታች ነው። "አንቺ ከሞላሽልኝ አሮጊቷም አምስት መቶ ሃምሳ አወጣች ይባላል። ከዚያ ሰባት መቶ ይሉና ከኋላችን የምትሰፋዋን ነፍሰ ጡር ያስወጧታል።"

"ካልሞላሁልዎትስ?"

እትዬ አንጓዋን ይለቃሉ። በአገጫቸው መታወቂያ የሚመለስበትን በር ያሳዩዋታል። ንፋስ ኮሌታዎቹን አትመልስም፣ ወደ መርፌዋም አትወስድም፤ ሁለቱ መኪኖች መሃል ታስቀምጣቸዋለች።

ሱፐርቫይዘሩ በመስመሩ ሲያልፍ ይቆማል። "እነዚህ የማን ናቸው?"

ንፋስ አፏን ትከፍታለች። የኔ ብትል ነገ ሰባት መቶ ነው፣ የእሳቸው ብትል እትዬ ከበር ውጭ ናቸው።

"የኔ ናቸው" ይላሉ እትዬ። አሥሩንም ወደ ራሳቸው ይስባሉ፣ የመጀመሪያዋን መርፌው ስር ያስገቡና ስፌቱ እስኪታያቸው ድረስ ጎንበስ ይላሉ።