በስልክ የገባችው

የቡና ላኪው ድርጅት ኃላፊ ጋሽ ወንድይፍራው ሮሆቦትን፣ «ከቤት ስትሠሪ ካሜራ አትከፍቺ፣ ድምፅሽ አይሰማ፤ መኖርሽን በምን እንወቅ?» ብለው አስጠንቅቀዋታል።

ጠዋት የኢንተርኔት ስብሰባው ሊጀመር ሲል የዲላ መብራት እንደ ልማዱ ሄደ። ላፕቶፗ ጠፋ፤ የጎረቤቱ ወፍጮም ዝም አለ። ተነስታ መስኮቱ ጋ ቆመችና በስልኳ ዳታ ገባች።

ስልኳ ላይ በሚታየው ስብሰባ ሮሆቦት ራሷ ቀድማ ገብታለች። ካሜራዋን ከፍታ፣ አምፖሉ በበራበት በዚያው ክፍል፣ አሁን በተነሳችበት ወንበር ተቀምጣ፣ ስለ ቡናው ናሙና እየሳቀች ታስረዳለች።

መስኮቱ ጋ እንደቆመች ከስልኳ ቀና ብላ ወንበሩን አየችው። ባዶ ነው።

«ዛሬስ አንጀቴን አራስሽው!» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። «ግን በስምሽ በስልክ የገባው ማነው?»

የተቀመጠችው ሳቋን አቆመች።

«ያስወጧት፣ ጋሼ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «መስኮቱ ጋ ቆማ እያየችኝ ነው።»