በዓይን ካልታየች

የሌንሱን መስታወት በሸሚዜ ጫፍ ለአምስተኛ ጊዜ እጠርጋለሁ። ዝናብ አይደለም፤ ከአልዌሮ ግድብ በኩል የሚመጣ እርጥበት ነው፣ ዝም ብሎ ያገኘው ነገር ላይ የሚቀመጥ። የካሜራውን ማቆሚያ ጭቃው እየዋጠው ስላስቸገረኝ ከእግሮቹ ሥር የብሎኬት ስባሪ አስገብቻለሁ።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ። ስልኬ፣ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ከተጋረደች አሥር ደቂቃ እንዳለፋት ይነግረኛል። እኔ የማየው ደመና ነው።

ካሜራው የበሪሁን ነው፤ ጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ ሰፈር አንድ ቤት አብረን የተከራየን የሥራ ባልደረባዬ። ሲያውሰኝ፣ "በሩፋኤል ዋዜማ ጥርት ያለ ሰማይ ትጠብቃለህ?" ብሎ ስቆብኛል። ይህን ፎቶ ስጠብቅ ግን ዓመት ሆኖኛል።

ከኋላዬ፣ መስጊዱ ውስጥ፣ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ተቀምጠዋል። ኢሻን ሰግደው ወደየቤታቸው መሄድ ይችሉ ነበር። ያልሄዱት ስለ አባቴ ብለው ነው። አባቴ አሊ የመንደሩ አዛን አድራጊ ነው። አርብ ዕለት ከሶላት በኋላ ተነሥቶ፣ "እሁድ ማታ ጨረቃ ትጋረዳለች፤ ልጄ ሷሊህ ከጋምቤላ መጥቶ ፎቶ ያነሣታል፤ እኛ እንሰግዳለን" ብሏቸዋል። በዚህ የጳጉሜን ጭቃ በከዘራ የመጡ አሉ።

ኢማሙ ሼህ አብራር ግን ገና ሲገቡ ሕጉን ነግረውናል። "የግርዶሽ ሶላት በዓይን ታይቶ ነው። በስልክ አይሰገድም፣ ልጄ። አንድ የታመነ ሰው አየሁ ካለ ይበቃናል።"

"አሊ!" የጋሽ ይማም ድምፅ በመስኮቱ ይወጣል። "እኛ ወሎ ደመና አጥተን ነው እዚህ ድረስ የመጣነው፤ ያንተ ልጅ ደግሞ ደመናውን ሊያባርርብን ጂማ ድረስ ሄዶ ተማረ!"

ይስቃሉ። የአባቴን ሳቅ በመሃል እፈልገዋለሁ፤ የለም።

ጥቂት ቆይቶ እሱ ራሱ ደጃፉ ላይ ይቆማል፣ በባዶ እግሩ።

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ፣ አባ። አሁን ሙሉ በሙሉ ተጋርዳለች።"

"አይተሃል?"

ከደመናው በላይ የሚሆነውን እስከ ደቂቃው አውቀዋለሁ። አዎ ብል ማንም አይጎዳም። እሱም አዎ እንድል ይፈልጋል፤ የእጅ ባትሪውን ሲያበራና ሲያጠፋ ያስታውቅበታል።

"አላየሁም።"

ራሱን ነቅንቆ ይገባል። ውስጥ፣ "አላየም" ሲል እሰማዋለሁ።

ሦስት ሰዓት ሲል ሰዎቹ መውጣት ይጀምራሉ። ጫማቸውን በባትሪ እየፈለጉ፣ ጭቃውን እየረገሙ። ጋሽ ይማም አጠገቤ ሲደርሱ ይቀልዱብኛል ብዬ ስጠብቅ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ያልፋሉ። ከቀልዱ ይልቅ እሱ ይከብደኛል። ባትሪዎቹ አንድ በአንድ በቆሎው መሃል ይገባሉ። እንቁራሪቱ ብቻ ይቀራል።

የተወለድኩት እዚህ ነው። ሰፋሪዎች ያቀኑት መንደር ስለሆነ ስም የለውም፤ ቁጥር ነው ያለው። አሁን አሁን ስመጣ እንደ እንግዳ አዲሱ ፍራሽ ይነጠፍልኛል፤ ልተኛ ስል ሁሉም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ደመናው ይቀደዳል።

የመስኮት ያህል ነው። መሃሉ ላይ ጨረቃ አለች። ቀይ ትሆናለች ብዬ ነበር፤ አይደለችም። የመስጊዱን ጣሪያ ዝገት ነው የምትመስለው። ክብ ናት፣ ሙሉ ናት፣ ብርሃን ግን የላትም። አፌን ከፍቼ አያታለሁ።

ካሜራው ትንሽ ወደ ግራ ነው የዞረው። ለማስተካከል፣ ለማጥራት፣ ትንፋሼን ይዤ ለመጫን አሥር ሴኮንድ ይበቃኛል። የቀዳዳው ጠርዝ ግን መገጣጠም ጀምሯል።

"አባ! ታየች! አባ!"

እየሮጠ ይወጣል። ሼህ አብራር ከኋላው ናቸው። ሲደርሱ ሰማዩ ድፍን ብሏል።

ሼህ አብራር አንገታቸውን አቅንተው ይፈልጋሉ። አባቴ ወደ ላይ አያይም፤ እኔን ነው የሚያየኝ።

"አየህ?"

"አየሁ።"

"ወላሂ በል" ይላሉ ሼህ አብራር።

"ሼህ፣" ይላል አባቴ፣ "ቅድም አላየሁም ያለው እሱ ነው።"

ሼሁ፣ "እንግዲያው ጥራቸው" ብለውት ወደ መስጊዱ ይመለሳሉ።

መብራት ስለሌለ ድምፅ ማጉያው አይሠራም። አባቴ እጆቹን ጆሮዎቹ ላይ አድርጎ ለሶላቱ ይጣራል። ድምፁ እንዲህ ትልቅ እንደሆነ ረስቼው ነበር። በቆሎው መሃል ባትሪዎቹ ይቆማሉ። ከዚያ አንዱ ይዞራል፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ቀጥሎ ሁሉም።

ካሜራውን በማዳበሪያ ላስቲክ ሸፍኜ፣ ከበርሜሉ ውኃ እየቀዳሁ እግሬን እታጠባለሁ። በበሩ በኩል ይታየኛል፤ ሰልፉ እየተሠራ ነው። አባቴ በስተቀኙ የአንድ ሰው ቦታ ትቶ ቆሟል፤ ዞር እያለ በሩን ያያል። ጭቃው ከጣቶቼ መሃል አልለቅ ይለኛል።

ጋሽ ይማም እያለከለኩ ይደርሳሉ። ጫማቸውን ወርውረው፣ አልፈውኝ ገብተው፣ በሰልፍ መሃል ክፍተት ያየ ሰው ማድረግ ያለበትን ያደርጋሉ፤ ይሞሉታል። የእሳቸውና የአባቴ ትከሻ ይገጥማል።

"አላሁ አክበር።"

ከሁሉም ኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ብቻዬን እቆማለሁ። ከራሴ በላይ፣ በዛገው ቆርቆሮ ላይ፣ ዝናቡ መውረድ ይጀምራል።